ገብሱና ወተቱ ከልጁ ላይ ከመነሣቱ በፊት

ሰሞኑን እየበላ ስለሚከሳ ሕፃን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በእናቶች ስልክ ላይ እየዞረ ነው። ከመሐል ሜዳ ልጇን አዝላ ደብረ ብርሃን የመጣች እናትም፣ ከደብረ ሲና የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አያትም ስለዚሁ ጽሑፍ ጠይቀውኛል። ላላነበበው ሰው ጭብጡ ይህ ነው። እየበላ የማይፋፋ ልጅ ችግሩ አንጀቱ ነው፤ ምግብ አይቀበልም። ስለዚህ ወተት ይቁም፤ ስንዴና ገብስ ቀርቶ ጤፍ ብቻ ይሰጠው፤ በየወሩ የወስፋት መድኃኒት ይዋጥ፤ ተቅማጥ ሲይዘው አንጀቱ እንዲያርፍ ቀጭን አጥሚት ብቻ ይጠጣ፤ ከመድኃኒት ቤት የቪታሚንና የምግብ ፍላጎት ሽሮፕ ይገዛለት። ሐኪም ቤት መሄዱ ግን ምግብ አንሶታል ተብሎ ከመመለስ ያለፈ ፋይዳ የለውም።

እኔ በዚሁ በሰሜን ሸዋ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሚታዩበት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ጸሐፊው ለሕፃናት የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ እናትን ከመውቀስ መቆጠባቸውንም ወድጄላቸዋለሁ። ጠቡ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ምርመራ ካለቀ በኋላ፣ ያውም ለጥቂት ልጆች ብቻ የሚታዘዘውን ነገር፣ ገና ሚዛን ላይ ላልወጣ ልጅ ሁሉ አዘዙ። የከሳ ልጅ ላይ ምግብ መቀነስ ደግሞ ሞክረነው ካልሆነ እንተወዋለን የሚባል ነገር አይደለም።

እየበላ ነው ስንል

እናት «ኧረ ይበላል» ስትለኝ አምናታለሁ። መብላቱን ነገረችኝ፤ ምን ያህል እንደበላ ግን ገና አላወቅሁም። በእኛ ቤት ሕፃን ከታላላቆቹ ጋር ወደ አንድ ገበታ ነው የሚቀርበው። እህቱ ደጋግማ ስትጎርስ እሱ አንዷን ቁራሽ እያሻሸ ይጫወትባታል። ገበታው ሲነሣ ሁሉም በልተዋል ይባላል። ለብቻው በሳህን ተቀምጦለት፣ አንድ ሰው አጠገቡ ሆኖ እያጎረሰው፣ ምን ያህል እንደተረፈ ለጥቂት ቀን ካልታየ በስተቀር ምግቡ ገብቷል ወይ የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም። ያ ሳይመለስ አንጀት መክሰስ ችኮላ ነው።

ቀጥሎ የሚበላው ነገር ምን እንደሆነ ይታይ። ደጋው ላይ ለሕፃን የሚሠራ አጥሚት ብዙ ጊዜ በጡጦ እንዲወርድ ሲባል ውሃ ይበዛበታል። የሕፃን ሆድ ባንድ ጊዜ የሚይዘው በኪሎ ክብደቱ ወደ 30 ግራም ገደማ ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 240 ግራም ያህል ሲገባለት ሆዱ ሞልቷል፤ ፊቱን ያዞራል፤ ጠገበ እንላለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያሰላው ከ12 እስከ 23 ወር ያለና ጡት የሚጠባ ልጅ ከጡቱ ሌላ በቀን ወደ 550 ካሎሪ ከምግብ ያስፈልገዋል። በ100 ግራም 40 ካሎሪ በሚሰጥ ቀጭን አጥሚት ይህን ለመሙላት ልጁ በቀን ከአንድ ሊትር በላይ መጠጣት አለበት። አይችልም። ቀኑን ሙሉ ጡጦ አፉ ላይ ሆኖ የሚውል ልጅ ሲከሳ የምናየው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ አንጀቱ የሰጡትን ሁሉ ቢቀበልም የሰጡት ነገር ውሃ ነው።

ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ገንፎ፣ በላዩ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ (ይህችው ብቻ ወደ 40 ካሎሪ ትጨምራለች)፣ የባቄላ ወይም የሽምብራ ዱቄት ተቀላቅሎበት፣ ሲገኝ እንቁላል ተመትቶበት ቢሰጥ ያው ትንሽ ሆድ እጥፍ ያህል ካሎሪ ይይዛል። ስቡ ለጉልበት ብቻም አይደለም። ጎመኑና ካሮቱ ውስጥ ያለው ቪታሚን ኤ ያለ ስብ በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም።

ገንፎው ወፍሮ አልዋጥ ካለው ደግሞ ዘዴው ከእናቶቻችን እጅ አልራቀም። ለጠላ የሚበቅለው ብቅል ደርቆና ተፈጭቶ ትንሽ ከዱቄቱ፣ ከእሳት ወርዶ ለብ ያለ ወፍራም ገንፎ ላይ ጣል ሲደረግበት፣ ገንፎው ያለ አንድ ጠብታ ውሃ ይላላል፤ ብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ስለሚሰባብረው ነው። ከላላ በኋላ አንድ ጊዜ መልሶ ማፍላት ነው። ብቅል የቢራ ፋብሪካና የጠላ ጋን ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ሲያይ ይገርመዋል።

ጾም ሲገባ ደግሞ እንቁላሉና ወተቱ ለሕፃኑም ይቀራል። ብዙ ጊዜ እናቲቱ ልጁን ልታስጾመው ፈልጋ ሳይሆን የጾሙ ድስት እንዳይነካ ብላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለን ልጅ ጹም አትለውም፤ ለእሱ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለብቻ ማስቀመጥ ነገሩን ይፈታዋል። ጸሐፊው ይህን አንድም ቦታ አላነሡትም፤ እኔ ግን በሁዳዴ የሚመጡ የከሱ ልጆችን ስመለከት መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ደግሞ፣ ልጁ በእርግጥ ከስቷል ወይ? በመጀመሪያው ዓመት ሕፃን ወደ 6 ኪሎ ይጨምራል፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ብቻ። ስለዚህ ዓመት ከሞላው በኋላ ቆመ፣ ቀጨጨ የሚባል ልጅ የእድገት ካርዱ ላይ በራሱ መስመር እየሄደ ሊሆን ይችላል። ጤና ኬላ ላይ በየወሩ የሚመዘንበት ካርድ የተሠራው ለዚህ ነው፤ የጎረቤት ልጅ አጠገብ አቁሞ ማወዳደር አይተካውም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የክንድ ዙሪያው ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ከሆነ መካከለኛ። ሁለቱም እግሮቹ በአውራ ጣት ተጭነው ጎድጉደው ከቀሩ፣ ክንዱ ወፍራም ቢመስልም እብጠት ስለሆነ እንደ ከባድ ነው የሚታየው።

አንጀት የሚጎዳበትም ጊዜ አለ

ይህን ሁሉ የምለው የአንጀት ችግር የለም ለማለት አይደለም። አለ። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ የመንዝ ባና ይመስላል፤ ምግብን የሚመጠው በላዩ ባለው ጸጉር ነው። የተበከለ ውሃ፣ የዶሮ ኩስ በነካ እጅ የሚጎረስ ነገር፣ እየተመላለሰ የሚይዝ ተቅማጥ ያን ጸጉር ያሳሱታል፤ ልጁም ተቅማጥ ሳይኖረው እንኳ የበላውን በሙሉ ላይጠቀምበት ይችላል። ጸሐፊው ይህን በሚገባ ጽፈውታል፤ በጽሑፋቸው የተሻለው ክፍል ይህ ይመስለኛል።

ግን ከዚያ የሚደርሱበት መደምደሚያ ከማስረጃው ጋር አይገጥምም። በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን የተከተሉ ትልልቅ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ውጤታቸውን አውጥተዋል። ሽንት ቤት፣ የእጅ መታጠቢያና ንጹሕ ውሃ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመት ከሌሎቹ አልበለጡም። ተጨማሪ ምግብ ያገኙት ግን በጥቂቱም ቢሆን በለጡ። ይህ እጅ መታጠብ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ በባንግላዴሹ ጥናት ተቅማጥን ቀንሷል። የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፦ አንጀቱ የተጎዳ ልጅም ሲጨመርለት ይጠቀማል። ካጎደልንበት ከየት ያመጣል?

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2016 በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ያነሰ፣ ማለት የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። ምርቱ የሚገኝበት ክልል ከአማካዩ በላይ ሲሆን ጥያቄው ብዙ ነው፤ ሁሉንም አንጀት ላይ ጭኖ መሄድ ግን ከጥያቄው መሸሽ ነው።

በእርግጥ አንጀቱ ምግብ እንደማይመጥ የሚያስጠረጥሩ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ሰገራው ብዙ፣ ገርጣ ያለ፣ ቅባት የሚታይበት፣ ሽታው የከፋና ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ሲሆን። ተቅማጡ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ሲቆይ። ሆዱ ተነፍቶ መቀመጫው ግን ሟሽሾ ቆዳው ሲንጠለጠል። አይረን በሚገባ ተሰጥቶት ደሙ አልመለስ ሲል። ሲመሽ የማያይ ከሆነ፣ ማለትም ዳፍንት ሲይዘው። በጥቂት ምክንያት ቆዳው ሲበልዝ። እግሩ ሲቆለመም። ቆዳው ሲሳም ጨው ጨው እያለ ደረቱን ደጋግሞ የሚያመው ልጅም አለ፤ ብርቅ ነው፣ ግን አለ። እነዚህን ያየ ሰው ቤት ውስጥ ምግብ እየቀያየረ መክረም የለበትም።

ወተት

ጸሐፊው ወተት በሙሉ ይቁም ይላሉ። የቱ ወተት? አልለዩትም። በዚህ ምክንያት የስምንት ወር ልጇን ጡት ልታስጥል የተሰናዳች እናት አጋጥማኛለች። የእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው ላክቶስ የተባለ ስኳር ከላም ወተት ውስጥ ካለው ይበልጣል፤ ሕፃን ግን የተፈጠረው እሱን ሊፈጭ ነው። ሲወለድ ጀምሮ ላክቶስ መፍጨት የማይችል ልጅ እጅግ ጥቂት ነው፤ በብዙ ሰው ዘንድ ይህ ችሎታ የሚቀንሰው ከሕፃንነት ዕድሜ በኋላ ነው። ጡት በተቅማጥም፣ በትውከትም፣ በክሳትም አይቆምም።

ከባድ ተቅማጥ ካለፈ በኋላ አንጀቱ እስኪጠገን ለጊዜው የላም ወተት የማይስማማው ልጅ አለ፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው። ለተራዘመ ተቅማጥ የጤና ባለሙያዎች የሚከተሉት መመሪያ ግን ወተት ይቁም አይልም። ጡት ይጨመር፤ የላም ወተት የሚጠጣ ከሆነ በእርጎ ይተካ፣ ወይም ግማሹ በገንፎ መሰል ጠንከር ያለ ምግብ ይተካ ነው የሚለው። እርጎ ሲረጋ ላክቶሱ በከፊል ስለሚፈጭ ይሻለዋል። ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ ልጁ ተመልሶ ይታያል።

ሌላም አለ። በከፋ ክሳት ሆስፒታል የሚተኙ ልጆች የሚታከሙባቸው ኤፍ 75 እና ኤፍ 100 የተባሉ የሚጠጡ ምግቦች የሚሠሩት ከወተት ነው። ጤና ኬላ የሚሰጠው ፕላምፒ ነት፣ እናቶች ፕላምፒ የሚሉት፣ ከኦቾሎኒው ጋር የወተት ዱቄት አለበት፤ አንዱ 92 ግራም እሽግ 500 ካሎሪ ነው። እጅግ ከስተው፣ አንጀታቸው ሳስቶ የመጡ ልጆች የሚያገግሙት በዚህ ነው። ወተት ለከሳ ልጅ መርዝ ቢሆን ኖሮ ክፍላችን ውስጥ ማን ይድን ነበር?

ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን የላም ወተት ዋና መጠጡ እንዳይሆን ማለት ሌላ ነገር ነው፤ ትክክልም ነው። የላም ወተት አለርጂም አለ፤ ሽፍታ፣ ትውከት፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ ያመጣል። እሱን ግን ሐኪም ይለየው፤ የሚተካውን ምግብ ጭምር ተናግሮ።

ገብስና ስንዴ

ጽሑፉ ከሁሉ የበለጠ ጉዳት ያመጣል ብዬ የምፈራው እዚህ ላይ ነው። መነሻው እውነት ነው። ሴሊያክ የሚባል በሽታ አለ፤ በስንዴ፣ በገብስና በመሰሎቻቸው ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን፣ ሰውነቱ ለዚያ በተጋለጠ ሰው ላይ፣ ያንኑ የአንጀት ጸጉር ያረግፈዋል። ጤፍ ግሉተን የለውም። ማሽላና በቆሎም የላቸውም። ሴሊያክ ያለበት ልጅ እህል ከጀመረ ከወራት በኋላ ሆዱ እየተነፋ፣ ሰገራው እየተበላሸ፣ እየተነጫነጨ ይከሳል። በዓለም ደረጃ ሲታይ ከመቶ ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል ተብሎ ይገመታል፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ገብስ አይጎዳቸውም ማለት ነው።

የበሽታው መንስኤ የታወቀበት ታሪክ ራሱ ለዚህ ክርክር ይጠቅማል። ዊለም ዲከ የተባለው የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ በአገሩ ረኃብ ገባ፤ ዳቦ ጠፋ። ሌላው ሕፃን ሲከሳ እሱ የሚያክማቸው እነዚህ ሕሙማን ግን ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ ደግሞ ሕመሙ ተመለሰባቸው። ዲከ በዚህ ተነሥቶ ልጅ ሁሉ ዳቦ ይተው አላለም። እነዚያኑ ታማሚዎች እየመዘነ፣ ስንዴ እየሰጠና እየነሣ፣ ሰገራቸው ውስጥ የሚወጣው ስብ እየተለካ አረጋግጦ በ1950 ጻፈው። ከእሱ በፊት በ1924 ሲድኒ ሃስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እነዚህን ልጆች በሙዝ ሲያክም ነበር፤ ልጆቹ ተሻላቸው፣ ሰውም ሙዙን አመሰገነ። የተሻላቸው ግን ዳቦው ስለቀረ ነበር። ከምግብ ላይ ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ያነሣ ሰው የቱ እንደረዳው አያውቅም፤ ጸሐፊው ወተትና ገብስን ባንድ ቀን አስነሥተው የወስፋት መድኃኒት ሲጨምሩበት የሚሆነው ይኸው ነው።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ እባካችሁ ይህችን አንብባችሁ ለሌላው ንገሩ። ሴሊያክ የሚመረመረው ልጁ ስንዴና ገብስ እየበላ ሳለ ነው። የደም ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት ግሉተንን ሲያይ የሚያወጣውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ገብሱ ከቆመ ወራት ካለፉ እሱም ይጠፋል፤ አንጀቱም ይጠገናል፤ ውጤቱ ነጻ ነው ይላል። ከዚያ ያለው ምርጫ ለምርመራ ሲባል የሚያሳምመውን እህል ለሳምንታት መልሶ ማብላት ነው። ሴሊያክ የእድሜ ልክ ጥንቃቄ የሚፈልግ በሽታ ስለሆነ በግምት አይያዝም። ይህ ምርመራ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መሄድ ሊጠይቅ ይችላል። ያን ሁሉ ለፍታ የምትሄድ እናት ቀድማ ገብሱን አቁማ ከሆነ መንገዱ ከንቱ ሊሆንባት ነው።

ጤፍ ብቻ ስጡ ማለትስ ለማን ነው የተጻፈው? ቆላ ወርዶ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ማሽላውም ማሾውም ጤፉም አለ። መንዝ ላይ፣ ጣርማበር ላይ፣ አንኮበር ደጋው ላይ ግን ቤቱ የቆመው በገብስ ነው። ቂጣው ገብስ፣ እንጀራው ገብስ የተቀላቀለበት፣ ቆሎው ገብስ፣ በሶው ገብስ፣ የመንገድ ስንቁ ገብስ። ገበያ ወጥቶ ጤፍ መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ ገብሱን አንሥቶ ምን ያስገባ? ያየሁት መልስ ባዶ ነው፤ ልጁ ቀድሞ ከሚበላው ያነሰ ይበላል። ጤፉን የሚገዛውም ቢሆን የወፍጮ ቤቱን ነገር አላሰበበትም። በእውነት ሴሊያክ ላለበት ልጅ ከስንዴና ከገብስ ቀጥሎ የተፈጨ ጤፍ ንጹሕ አይደለም። ቤት ውስጥ አጥቦ፣ ለብቻ አስፈጭቶ፣ ለብቻ በተቀመጠ ዕቃ ማዘጋጀት ይፈልጋል። ለእሱ ብቅሉም፣ በሶውም የተከለከሉ ናቸው። ሐኪም ካረጋገጠው በኋላ ይህን ሁሉ ከባለሙያ ጋር ተቀምጦ ማቀድ ይቻላል፤ ጤፍ ያለበት አገር በመሆናችንም ከብዙዎች ይልቅ የታደልን ነን። ሳይረጋገጥ ግን ከቤተሰቡ ላይ የሚወድቀው ሸክም ለማን ብሎ ነው?

ወስፋት፣ አንጀት ማሳረፍ፣ ሽሮፕ

የወስፋት መድኃኒት በዘመቻ ሲሰጥ በዓመት አንዴ ወይም ሁለት ጊዜ ነው። በየወሩ መስጠት የሚጨምረው ጥቅም የለም። ደግሞ ከልጆች አንጀት ምግብ ባግባቡ እንዳይገባ ከሚያደርጉት አንዱ ጃርዲያ የተባለ በዓይን የማይታይ ተውሳክ ነው፤ እሱ ወስፋት ስላልሆነ አንድ ጊዜ በምትዋጥ የወስፋት ፍሬ አይጠፋም፤ ሌላ መድኃኒት አለው። ሰገራ ውስጥም በየቀኑ አይወጣም፤ አንድ ቀን ታይቶ የለም ቢባልም በተለያየ ቀን የተወሰደ ናሙና መልሶ ማሳየት ይገባል። ኮሶና እንቆቆ ለሕፃን መስጠት ግን ክርክርም የለው፦ መጠኑ አይታወቅም፣ ያስታውካል፣ ያስቀምጣል፤ የከሳ ልጅ አይችለውም። ተቅማጥ ሲበዛበት ግግ ያስወጡለት፣ እንጥል ያስቆረጡለት ልጅም አይቀርም፤ ጸሐፊው ይህን አላዘዙም፤ ተቅማጡም በዚህ አይቆምም፤ የሚተርፈው ደም መፍሰስና የቁስል መመረዝ ነው።

ተቅማጥ ሲይዘው አንጀቱን ማሳረፍ የሚለው ምክር የድሮ የሐኪም ቤት ምክር ነበር፤ ሐኪሞች ከተዉት ቆይተዋል። አንጀት ራሱን የሚጠግነው በውስጡ በሚያልፍ ምግብ ነው። አሁን የሚደረገው፦ ኦአርኤስ (ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) ቶሎ መጀመር፤ ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ከስድስት ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ ላነሰ 10፤ ጡት ሳይቋረጥ፤ ምግብ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ። ተቅማጡ ሲቆም ለሁለት ሳምንት አንድ ተጨማሪ ማዕድ በቀን። ዚንኩ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም አይቋረጥም፤ ብዙ እናቶች እዚህ ላይ ነው የሚተዉት።

ሽሮፑ ላይ ብዙ አልልም። የምግብ ፍላጎት ይከፍታል ተብሎ የሚሸጠው አንዱ ሳይፕሮሄፕታዲን የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ ያስተኛል፤ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይመከርም። በዚያ ገንዘብ እንቁላል ይገዛበት። ደሙ ያነሰ ልጅ ከምግብ ጋር ሻይ መጠጣቱን ቢያቆም ይሻለዋል፤ ዳቦ በሻይ የብዙ ሕፃን ቁርስ ሆኗል፣ ሻዩም አይረኑን ይይዝበታል።

ሐኪም ቤት

ጸሐፊው የመጨረሻ ነጥባቸው ላይ ምሬት አለባቸው፤ ምሬቱን አልክደውም። እናት ግማሽ ቀን ተሰልፋ ልጁ ሳይመዘን ምግብ ጨምሪለት ተብላ የምትመለስበት ቀን አለ። መድኃኒቱ ግን አለመሄድ አይደለም፤ ባለሙያው ሊያልፈው የማይችለውን ነገር ይዞ መሄድ ነው። የክብደት ካርዱን። ለጥቂት ቀን ልጁ የበላውን፣ በምን ያህል ማንኪያ፣ በስንት ሰዓት፣ በወረቀት ላይ ወይም ፊደል በሚያውቅ ታላቅ ልጅ ያስጻፈችውን። ሰገራው ምን እንደሚመስል፤ ስልክ ካለ ፎቶው ይበቃል፣ አታፍሪ። ልጁ ያቋረጠው እህል ካለ መቼ እንዳቋረጠ። ቤት ውስጥ ሳል የቆየበት ሰው ካለ፤ ሳንባ ነቀርሳ የሚያከሳው ልጅ ብዙ ጊዜ ከአንጀት ሕሙማን ጋር ይደባለቃል፤ ኤች አይ ቪም እንዲሁ፣ ሁለቱም ይመረመራሉ። እህት ወይም ወንድም እንዲህ ከስቶ ያውቅ እንደሆነ። ከዚያ «የክንዱ ዙሪያ ስንት ሆነ? የእድገት ካርዱ ላይ መስመሩ ወርዷል?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው። ካልተሻለው ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ይጻፍልኝ ማለትም እንዲሁ።

ሁለቱ እግሮቹ ካበጡ፣ የሰጡትን ሁሉ ካስታወከ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ ወይም ሰገራው ደም ካለበት ወረቀቱም ካርዱም ይቅር፤ ያኔውኑ ይወሰድ።

ለጸሐፊው የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ስለ ገብሱ የጻፉትን አንቀጽ አንብባ ዛሬ ያቆመች እናት አለች፤ ልጇም ምናልባት በእርግጥ ሴሊያክ ያለበት ይሆናል። ምርመራው ገብስ እየበላ ካልሆነ እንደማይታመን በዚያው ጽሑፋቸው ላይ አንድ መስመር ይጨምሩላታል ወይ? ጽሑፋቸው ከእኔ ምላሽ ይልቅ ሩቅ ስለሚደርስ፣ እሷ ዘንድ የሚደርሰውም የሳቸው እርማት ነው።